የአፕል ኬክ ደጋ ላይ ለምን መሐሉ ይሰረጉዳል?

በቤት ውስጥ ከሚጋገሩ ኬኮች መካከል የአፕል ኬክ ቀላሉ እንደሆነ ይነገራል። ክሬም አይፈልግም፤ መደራረብም ማስጌጥም የለበትም፤ ዱቄት፣ ስኳር፣ እንቁላል፣ ዘይትና ሦስት አፕል ያለው ማንኛውም ሰው ሊጋግረው ይችላል። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ሆኖ፣ በባሕር ጠለል ከፍታ ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈን አዘገጃጀት ሳይቀንስና ሳይጨምር የሚከተል ሰው በተደጋጋሚ የሚገጥመው ውጤት ተመሳሳይ ነው። ኬኩ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በሚያምር ሁኔታ ኩፍ ይላል፤ ቀጥሎ መሐሉ ይሰረጉዳል፤ ሲቆረጥም አፕሉ ታች ተከማችቶ፣ ዙሪያው ያልበሰለ ሊጥ መስሎ ይገኛል። ብዙዎች ጥፋቱን በኦቨናቸው ወይም በሙያቸው ያላክካሉ። በእኔ እምነት ግን በአብዛኛው ተጠያቂዎቹ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አፕሉ ይዞት የሚገባው ውሃ እና ከፍ ባለ ቦታ የሚሳሳው አየር። የእነዚህን ሁለት ነገሮች ባሕርይ የተረዳ ሰው ከየትኛውም አገር የመጣ አዘገጃጀት ቢያገኝ ለራሱ ከተማ አስተካክሎ መጋገር ይችላል።

ከውሃው እንጀምር። ከአፕል ክብደት 85 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ስለዚህ ተልጦና ዘሩ ያለበት መሐሉ ወጥቶ 350 ግራም የሚመዝን የሦስት አፕል ቁራጭ 300 ግራም የሚጠጋ ውሃ ተሸክሞ ወደ ሊጡ ይገባል። በዚያው ኬክ ውስጥ ያሉት ሦስት እንቁላልና አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ ወተት የሚያመጡት ውሃ ተደምሮ 170 ግራም ገደማ ነው። ይህም ማለት በኬኩ ውስጥ ከሚኖረው ፈሳሽ አብዛኛው በመለኪያ ሰፍረን የጨመርነው ሳይሆን በፍሬው ውስጥ ተደብቆ የገባው ነው። አፕሉ ጥሬ እስከሆነ ድረስ ይህ ውሃ በጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ ታሽጎ ስለሚቆይ ሊጡን አያቀጥነውም። ሙቀት ሲያገኘው ግን የሕዋሳቱ ግድግዳ ይላላል፣ ግድግዳውን አጣብቆ የያዘው ፔክቲን የተባለው ንጥረ ነገርም መሟሟት ይጀምራል፤ ያኔ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ሊጡ ይወጣል። ሊጡ በዚህ ጊዜ መርጋት ከጀመረ እርጥበቱን ተቀብሎ ለስላሳ ኬክ ይሆናል፤ ገና ቀጭን ከሆነ ግን በአፕሉ ዙሪያ ረግረግ ይፈጠራል።

ውሃው ቀድሞ የሚወጣበት ሌላም መንገድ አለ፤ እርሱም ስኳር ነው። የተከተፈ አፕል ላይ ስኳር ነስንሶ ሌላ ሥራ የሚሠራ ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲመለስ፣ ጨው የነካው ቲማቲም ሰላጣ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ በሳህኑ ግርጌ ጣፋጭና ቀጠን ያለ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ያገኛል። ያንን ፈሳሽ ከአፕሉ ጋር ወደ ሊጡ መገልበጥ ልኩን ሳያውቁ ውሃ እንደመጨመር ነው። ስለዚህ አፕሉ መከተፍ ያለበት ሊጡ ተዘጋጅቶ ኦቨኑም ከጋለ በኋላ ነው፤ ስኳሩም በሊጡ ውስጥ እንጂ በአፕሉ ላይ መደረግ የለበትም። ቀድሞ መክተፍ ግድ ከሆነ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ማሸት ይበቃል። ሎሚው አፕሉ ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚያጠቁረውን ኢንዛይም ያዳክመዋል፤ ቀረፋ ለሚገባበት ኬክ የቀለሙ ነገር ያን ያህል የሚያሳስብ ባይሆንም።

የአከታተፉ መጠንም ከዚሁ ከውሃው ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስስ ቁራጭ ወይም አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ኩብ ኬኩ በሚበስልበት ጊዜ ውስጥ ለስልሶ ያልቃል። ከዚያ የተለቀ ቁራጭ መሐሉ ጠንካራ እንደሆነ ይቀርና ዙሪያውን ያረጥባል። በመፈቅፈቂያ የተፈቀፈቀ አፕል ደግሞ ውሃውን ሁሉ ወዲያውኑ ስለሚለቅ፣ እንዲህ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ወተቱን ጨርሶ መተው አለበት።

የአፕሉ ዓይነት ከሚታሰበው በላይ ለውጥ ያመጣል። ግራኒ ስሚዝ የሚባለው አረንጓዴው አፕል ጎምዛዛና ጠንካራ በመሆኑ ሲጋገር ቅርጹን ይይዛል፤ ጎምዛዛነቱም የስኳሩን ጣፋጭነት ይቆርጠዋል። ጎልደን ዴሊሽየስ የሚባለው ቢጫው ለስላሳና ጣፋጭ ቢሆንም ለኬክ ይሆናል። ደማቅ ቀዩ ሬድ ዴሊሽየስ ግን በጥሬው ለመብላት የሚያምር፣ ሲጋገር ጣዕሙም ሥጋውም የሚጠፋ ነው፤ ለኬክ ባይገዛ እመርጣለሁ።

ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የጋሞ ደጋ፣ በጨንቻና በአካባቢው የሚመረተውን አፕል የሚያገኝ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ቢያውቅ ይጠቅመዋል። አፕል ከእንቅልፉ ነቅቶ ለማበብ የብርድ ወቅት የሚፈልግ ዛፍ ነው፤ ለዚህ ነው በአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ብቻ የሚበቅለው፣ እዚያም ቢሆን ገበሬዎች ቅጠሉን በእጅ እያራገፉ ዛፉ እንደገና እንዲያብብ የሚያደርጉት። በአካባቢው ከሚተከሉት ዝርያዎች ውስጥ አና እና ዶርሴት ጎልደን የተባሉት ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ናቸው፤ አና የተዳቀለችው እስራኤል ውስጥ፣ ክረምታቸው ለብ ያለ ለሆነ ቦታዎች ተብላ ነው። አና ጣዕሟ ጣፋጭና ጎምዘዝ ያለ በመሆኑ ለኬክ ተስማሚ ናት፤ ነገር ግን ከተለቀመች በኋላ ቶሎ ትለሰልሳለች። ስለዚህ በተገዛች በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ወፈር ተደርጋ ተቆርጣ ብትጋገር ጥሩ ነው።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ፤ ዋናው ችግር ያለው እዚህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ኬክ በሚጋገርበት ጊዜ በሊጡ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይሽቀዳደማሉ። በአንድ በኩል ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃው እንፋሎት ሊጡን ወደ ላይ ይገፉታል፤ በሌላ በኩል የእንቁላሉ ፕሮቲንና የዱቄቱ ስታርች በሙቀት እየረጉ ግድግዳ ይሠራሉ። ግድግዳው የረጋው አረፋዎቹ ሙሉ በሙሉ ከመፈንዳታቸው በፊት ከሆነ ኬኩ ቆሞ ይቀራል። ዘግይቶ ከሆነ ግን አረፋዎቹ ፈንድተው ጋዙ ይወጣና ኬኩ ይቀመጣል።

ከፍታው ይህን እሽቅድድም በሁለቱም በኩል ያዛባዋል። ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ያው መጠን ያለው ጋዝ በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው ቦታ በሲሶ ያህል የሚበልጥ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ለባሕር ጠለል የተለካ ቤኪንግ ፓውደር እዚህ ከሚገባው በላይ ጉልበት ያገኛል፣ አረፋዎቹም ከመጠን በላይ ተለጥጠው ይቀደዳሉ። በዚያው ላይ ውሃው ቶሎ ስለሚተን በሊጡ ውስጥ የሚቀረው ስኳር እየበረታ ይሄዳል። ስኳር ደግሞ ከማጣፈጥ በተጨማሪ እንቁላሉና ስታርቹ የሚረጉበትን የሙቀት መጠን ከፍ የማድረግ ባሕርይ አለው። በአጭሩ ጋዙ ይቸኩላል፣ ግድግዳው ይዘገያል። መሐሉ የሚሰረጉደውም ከዳር ይልቅ ሙቀት ዘግይቶ የሚደርሰው ለእርሱ ስለሆነ ነው።

መፍትሔው ከዚህ ይወጣል። ቤኪንግ ፓውደሩን በሲሶ ገደማ መቀነስ፣ ስኳሩን ጥቂት መቀነስ፣ የኦቨኑን ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ ከፍ አድርጎ ግድግዳው ቶሎ እንዲረጋ ማድረግ። ለደጋ መጋገር የሚሰጡ አጠቃላይ ምክሮች ከዚህ በተጨማሪ ፈሳሽ እንዲጨመር ያዛሉ፤ ለተራ ኬክ ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ውሃው ቶሎ ስለሚተን ኬኩ ይደርቃል። የአፕል ኬክ ላይ ግን ይህን ምክር መከተል የለብንም፤ የጎደለውን ውሃ አፕሉ ራሱ ይዞት መጥቷልና። አብዛኛው ሰው ደጋ ላይ የሚጋግረው የአፕል ኬክ የሚረግረገው ምክሩን በሙሉ ልብ ስለተከተለ ይመስለኛል።

22 ወይም 24 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ክብ መጋገሪያ፣ ለአዲስ አበባ ከፍታ የሚሆነው መጠን እንደሚከተለው ነው። 220 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 130 ግራም ስኳር፣ 3 እንቁላል፣ 120 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 60 ሚሊ ሊትር ወተት ወይም እርጎ፣ ከላዩ የተስተካከለ አንድ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል የተፈጨ ቀረፋ፣ ቁንጥር ጨው፣ እና ተልጦ 350 ግራም የሚሆን አፕል። እንቁላሉ የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ትንሽ ስለሆነ 4 ያስፈልጋል። ዱቄትን በብርጭቆ መስፈር ልማድ ቢሆንም ብርጭቆዎቻችን እኩል አይደሉም፤ ታጭቆ የተሰፈረና ላላ ብሎ የተሰፈረ ዱቄትም በክብደት በእጅጉ ይለያያል። ትንሽ የኩሽና ሚዛን መግዛት ከማንኛውም ሌላ ዕቃ ይልቅ ኬክን ያሻሽላል ብዬ አምናለሁ።

ቤኪንግ ፓውደርና ቤኪንግ ሶዳ አንድ አይደሉም፤ ሲለዋወጡ ብዙ ኬክ ይበላሻል። ሶዳው ጋዝ የሚያወጣው ጎምዛዛ ነገር ሲያገኝ ነው፤ ፓውደሩ ግን ሶዳውን፣ ደረቅ አሲዱንና እንዳይረጥቡ የሚጠብቃቸውን ስታርች አብሮ የያዘ ነው። በተመሳሳይ መጠን ሲለካ ሶዳው ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ጉልበት ስላለው፣ በፓውደሩ ልክ ቢጨመር ኬኩ የሳሙና ጣዕም ያመጣል። ቆርቆሮው ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ የቆየ ፓውደር ጉልበቱን አጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሚሆነውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጎ ማየት ይቻላል። ወዲያው ከተንተከተከ ይሠራል፤ ጥቂት አረፋ አሳይቶ ዝም ካለ አዲስ መግዛት ያስፈልጋል።

የማዋሐዱ ሥራ አጭር ነው፣ አጭር መሆንም አለበት። ዱቄቱ፣ ቤኪንግ ፓውደሩ፣ ቀረፋውና ጨው አንድ ላይ በወንፊት ይነፋሉ። በሌላ ጎድጓዳ ሳህን እንቁላሉና ስኳሩ ፈካ እስኪሉ ድረስ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይመታሉ። ከዚያ በላይ መምታት በቆላ ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ እዚህ ግን ተጨማሪ አየር ማለት ተጨማሪ ሥጋት ነው። ዘይቱና ወተቱ ይገባሉ፤ በመጨረሻ ዱቄቱ በሁለት ዙር ይጨመርና በማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እየተገለበጠ ይደባለቃል። ዳቦ የለመደ እጅ እዚህ ላይ ራሱን መግታት አለበት። የስንዴ ፕሮቲን ከውሃ ጋር ሲታሽ ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ መረብ ይሠራል፤ ለድፎ ዳቦ የምንለፋው ለዚህ ነው፣ ኬክን የሚያጠነክረውም ይኸው ነው። ደረቅ ዱቄት በነጭ መስመር መታየቱን ሊያቆም ሲል፣ ሁለት ሦስት ቀጫጭን መስመሮች ገና እየታዩ ሳለ አፕሉን መጨመር ይሻላል፤ አፕሉን ለማሰራጨት የሚደረገው ጥቂት መገልበጥ የቀረውን ያዋሕደዋል። ሊጡ ማንኪያውን ሲያነሱት እየቆረጠ በከባዱ የሚወድቅ እንጂ እንደ ወተት የሚፈስ መሆን የለበትም። አፕሉን ተሸክሞ ወደ ታች እንዳይሰምጥ የሚያደርገው ውፍረቱ ነው። ከአፕሉ ሲሶውን አስቀርቶ ከላይ መደርደርም ይረዳል።

ስለ ስቡ አጭር ነገር ልበል። በፈሳሽ ዘይት የተጋገረ ኬክ በአዲስ አበባ ቅዝቃዜም ቢሆን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ የሚረጋው ዘይት ግን ሲቀዘቅዝ አፍ ላይ ይቀራል። የገበታ ቅቤ የሚወድ ሰው በዘይቱ ፈንታ 130 ግራም አቅልጦና አቀዝቅዞ መጠቀም ይችላል፤ ጣዕሙ የተሻለ፣ ልስላሴው ያነሰ ይሆናል። በቅመም የተነጠረ ቅቤ ለዚህ ኬክ አይሆንም። ቅመምን ካነሳን አይቀር፣ ከቀረፋው ጋር አንድ ፍሬ ኮረሪማ ፈልፍሎ፣ ዘሩን አድቅቆ መጨመር ለአፕል ከቫኒላ የበለጠ ይስማማዋል፤ ይህ የግል ምርጫዬ ቢሆንም እንዲሞከር አጥብቄ እመክራለሁ።

መጋገሪያው ቅባት ተቀብቶ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ሊጡም ከግማሽ በላይ መሙላት የለበትም፣ ምክንያቱም ደጋ ላይ ኬክ በመጀመሪያ ላይ ከሚጠበቀው በላይ ይነሳል። ኦቨኑ ቀድሞ በ185 ዲግሪ መጋል አለበት፤ ቀዝቃዛ ኦቨን ውስጥ የገባ ኬክ ጋዙ ይቀድመዋል። የመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች እስኪያልፉ በሩን መክፈት አይገባም። መብራት ቢጠፋም በሩን ዘግቶ መጠበቅ ነው፤ የጋለው ኦቨን በያዘው ሙቀት ለተወሰነ ጊዜ ማብሰሉን ይቀጥላል፣ የተከፈተ ኦቨን ግን ኬኩን ወዲያው ያስቀምጠዋል። ኦቨን የሌለው ሰው ወፍራም ድስት ግርጌ ላይ ዝቅ ያለ ማስቀመጫ አድርጎ፣ መጋገሪያውን በላዩ አስቀምጦ፣ ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ በዝቅተኛ እሳት ሊያበስል ይችላል። ጨርቁ እንፋሎቱ ተመልሶ እንዳይንጠባጠብ ይከላከላል፣ ጫፎቹ ግን ወደ እሳቱ እንዳይወርዱ ከላይ መቋጠር አለባቸው። ሙቀቱ ከሥር ብቻ ስለሆነ የላይኛው ገጽ አይቀላም፤ ውስጡ ግን ይበስላል።

መብሰሉን ማወቅ በአፕል ኬክ ላይ ከሌላው ይከብዳል። ከ45 ደቂቃ በኋላ መሐሉ ላይ ስቴኪኒ ሲሰካ ረጥቦ ቢወጣ ያልበሰለ ነው ማለት ላይሆን ይችላል፤ አፕል ወግቶ ሊሆን ይችላል። እንጨቱን ብርሃን ላይ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። የረጠበው በጠራ ፈሳሽ ከሆነ የአፕል ጭማቂ ነው። ደፍረስ ያለ፣ በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ ነገር ካለበት ሊጡ ገና ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ወግቶ ማነጻጸር፣ ጠርዙም ከመጋገሪያው መላቀቅ መጀመሩን ማየት ያስተማምናል። ቴርሞ ሜትር ያላቸው ሰዎች የውስጡ ሙቀት 98 ዲግሪ ሲደርስ እንዲያወጡ የሚያዝ መመሪያ ያነቡ ይሆናል። በአዲስ አበባ ይህን ቁጥር መጠበቅ ኬኩን ማድረቅ ነው፤ ውሃ በ92 ዲግሪ በሚፈላበት ቦታ እርጥብ ሊጥ ከዚያ እምብዛም አያልፍም። ከወጣ በኋላ በመጋገሪያው ውስጥ 15 ደቂቃ ቢቆይ ስታርቹ ይጠነክራል፤ ከዚያ ወንፊት መሰል የሽቦ ማስቀመጫ ላይ ተገልብጦ እንፋሎቱ እንዲወጣ መተው አለበት። ትኩሱን በፕላስቲክ መጠቅለል የወጣውን ውሃ መልሶ ያለብሰዋል።

በጾም ወቅት አፕሉ ሌላ አገልግሎት ይሰጣል። እንቁላል በኬክ ውስጥ ያጣብቃል፣ ያረጥባል፣ ግድግዳም ይሠራል። ከእነዚህ ሁለቱን በጥቂት ውሃ ተቀቅሎ የተፈጨ አፕል በፔክቲኑና በውሃው ሊተካ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ እንቁላል 60 ግራም ገደማ ይበቃል። ሦስተኛውን፣ ማለትም ግድግዳውን፣ ግን አይተካም፤ የጾም ኬክ በትንሽ ነገር የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ስለሆነም ሰፊና ጠለቅ ያላለ ፓትራ ላይ በስሱ ማሰራጨት፣ የሚከተፈውን አፕል ወደ 200 ግራም ዝቅ ማድረግና ወተቱን በውሃ መተካት ያስፈልጋል። ቤኪንግ ፓውደሩ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሆኖ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይታከልበታል። ጋዙ ወዲያው ስለሚወጣ ሊጡ ተዋሕዶ ሳይዘገይ ኦቨን ውስጥ መግባት አለበት።

ከፍታው ሲለወጥ ቁጥሮቹም ይለወጣሉ። ሐዋሳና ባሕር ዳር ከ1,700 እስከ 1,800 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ስለሚገኙ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይሸከማሉ፤ ድሬዳዋ ከዚያም ዝቅ ስለምትል ወደ ሁለት መጠጋት ይቻላል። ይህን አዘገጃጀት ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን ላለ ዘመድ የሚልክ ሰው እንዳለ ቢልከው በዚያ የሚወጣው ኬክ ዝቅ ያለና የተጠቀጠቀ ይሆናል፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባድ ስለሆነ ያው ጋዝ ሊጡን ለማንሳት አቅም ያንሰዋል። ለእነርሱ ቤኪንግ ፓውደሩ ሁለት ሙሉ የሻይ ማንኪያ፣ ስኳሩ 150 ግራም፣ ኦቨኑም 175 ዲግሪ ተብሎ ይጻፍላቸው፤ የአፕሉ መጠንና የአከታተፉ ነገር ግን አይለወጥም።